ማሽን፣ ሞልድና መለዋወጫ በአንድ ኮንቴይነር፦ ኮዱ፣ ዋጋውና ሰነዱ እንዴት ይስተካከላል?

ጀማሪ_አስመጪ

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ጥያቄው ረዘም ይላል፤ ዝርዝሩ ካልተጻፈ መልሱም በደፈናው ይሆናል ብዬ ነው።

በአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚጫነው ይህ ነው፦ አንድ የፕላስቲክ ኢንጀክሽን ማሽን፣ አንድ የብረት ሞልድ (የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ)፣ የጥሬ ዕቃ ማድረቂያ፣ ቺለር (ውሃ ማቀዝቀዣ) እና ሁለት ሣጥን መለዋወጫ። በመለዋወጫው ውስጥ ሞተር፣ ኩሽኔታ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ብሎን፣ እንዲሁም ለዚህ ማሽን ብቻ የተሠራ ስክሩና ባሬል አለ። አቅራቢው በላከው ፕሮፎርማ ላይ ግን ይህ ሁሉ «ማሽን ከነመለዋወጫው፣ 1 ሎት፣ 90,000 ዶላር» ተብሎ በአንድ መስመር ሰፍሯል። የሞልዱን ዲዛይን የሠራው በሦስተኛ አገር ያለ ሌላ ድርጅት ነው፤ 4,000 ዶላር ለዚያ ድርጅት ተከፍሎ ሥዕሉ ለአቅራቢው በነፃ ተሰጥቷል።

ሁሉም በማሽኑ ኮድ ማለፍ ይችላል? የዲዛይኑ ክፍያስ ለጉምሩክ ይነገራል? አቅራቢው ደግሞ ከሽያጭ ቃሎቹ ወይ ኤክስ ወርክስ (ዕቃውን ከፋብሪካው መረከብ) ወይ ዲዲፒ (ሻጩ ቀረጥ ከፍሎ እስከ መድረሻው ማድረስ) ምረጥ ይላል።

ታሪፍ_ቤት

ያቺን «1 ሎት» የምትል መስመር ዕቃው ሳይጫን አስለውጣት። ሎት መለኪያ አይደለም። ፈታሹ ሣጥኑን ሲከፍት የሚያመሳክረው ብዛት፣ ሞዴልና ክብደት ካላገኘ ኮንቴይነሩ ተራግፎ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የጉልበቱም የማከማቻውም ሒሳብ በአስመጪው ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ኮዱ። ኤችኤስ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት ነው። በሥራ ላይ ያለው የ2022 እትም ነው፤ ቀጣዩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ይጀምራል። በዓለም ላይ የጋራ የሆነው የመጀመሪያው 6 አሃዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። ስለዚህ አቅራቢው ለወጪ ንግድ የሚጠቀምበት 8 ወይም 10 አሃዝ ላንተ መነሻ ይሆን እንደሆነ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የታሪፍ መጽሐፉን እንደ መዝገበ ቃላት ሲጠቀምበት ነው። «ማሽን» ብሎ ፈልጎ ያገኘውን ይወስዳል። የመጀመሪያው የትርጓሜ ደንብ ግን አመዳደቡ የሚወሰነው በታሪፍ ቁጥሩ አነጋገር እና በክፍሉና በምዕራፉ ማስታወሻዎች ነው ይላል። ለማሽነሪ ወሳኙ የክፍል 16 ማስታወሻ ነው። ያንተን ዕቃ በእሱ ስናየው፦

ኢንጀክሽን ማሽኑ 8477.10 ነው። ለመጓጓዣ እንዲመች ተፈታቶ ቢመጣም በደንብ 2(ሀ) መሠረት እንደ ሙሉ ማሽን ይቆጠራል። ሞልዱ ግን የማሽኑ አካል አይደለም፤ በዚህ ማሽን ላይ ብቻ የሚገጠም ቢሆን እንኳ። ሞልድ የራሱ የታሪፍ ቁጥር አለው፤ ለፕላስቲክ ኢንጀክሽን የሚሆነው 8480.71 ነው። በምዕራፍ 84 ወይም 85 ውስጥ የራሱ ቁጥር ያለው ነገር ወደ ራሱ ቁጥር ይሄዳል፤ የማስታወሻ 2 መሠረቱ ይኸው ነው።

በዚሁ ሕግ መለዋወጫ ሆኖ የሚመጣው ሞተር 8501፣ ኩሽኔታው 8482 ይሆናል። በማሽኑ ላይ ተገጥሞ የመጣው ሞተር ግን የማሽኑ አካል ስለሆነ ለብቻው አይመደብም። የብረት ብሎን ደግሞ ጭራሽ ከክፍሉ ይወጣል፤ «አጠቃላይ አገልግሎት ያላቸው ክፍሎች» የሚባሉት ከክፍል 16 ስለተገለሉ ቦታው 7318 ነው። ቱቦው በተሠራበት ነገር ይለያል፦ የጎማ ከሆነ 4009፣ የፕላስቲክ ከሆነ 3917፤ ጫፉ ላይ መገጣጠሚያ ያለውና የሌለውም ንዑስ ቁጥራቸው አንድ አይደለም። ከመለዋወጫው ሁሉ 8477.90 ላይ የሚቀረው ስክሩና ባሬሉ ነው።

ማድረቂያውና ቺለሩ ላይ ክርክር ይነሣል። ማስታወሻ 4 ተለያይተው የተቀመጡ መሣሪያዎች አንድ ግልጽ ተግባር ለመፈጸም ከተባበሩ በአንድ ቁጥር ይመደቡ ይላል፤ ትራንዚተሮች ይህንን መጥቀስ ይወዳሉ። ነገር ግን የኤችኤስ ማብራሪያ ረዳት ሥራ ብቻ የሚሠሩትን ከዚህ ያወጣቸዋል። ፕላስቲክ የሚቀርጸው ማሽኑ ነው፤ ቺለሩ ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ማድረቂያው ጥሬ ዕቃ ያደርቃል። ስለዚህ ቺለሩን በ8418፣ ማድረቂያውን በ8419 ማቅረብ የማያስቸግረው መንገድ ነው። ልዩነቱ በገንዘብ ትልቅ ከሆነና ክርክሩን ማሸነፍ እችላለሁ ካልክ፣ ዕቃው ሳይጫን የቅድሚያ ውሳኔ በጽሑፍ ጠይቅ። ከፌብሩዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማቀላጠፍ ስምምነት በአንቀጽ 3 ይህን አሠራር ይደነግጋል። ከካታሎግ፣ ከቴክኒክ ሥዕልና ከአሠራር መግለጫ ጋር አስገባው። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ «ውሳኔ» ግን ቀኑን በማከማቻ ኪራይ ያስቆጥራል።

የዋጋ_ትመና

ታሪፍ_ቤት ኮዱን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ዲዛይኑ ልሂድ።

አዎ ይነገራል፤ መነገር ብቻ ሳይሆን ይደመራል። በዓለም ንግድ ድርጅት የዋጋ ትመና ስምምነት አንቀጽ 8 መሠረት ገዢው ለሻጩ በነፃ ወይም በቅናሽ የሰጠው ነገር ዋጋ በግብይት ዋጋው ላይ ይጨመራል። የምህንድስና፣ የዲዛይንና የሥዕል ሥራን በተመለከተ ግን አንድ ወሳኝ ልዩነት አለ፦ የሚጨመረው ከአስመጪው አገር ውጭ ከተሠራ ብቻ ነው። ዲዛይኑ በራስህ አገር ቢሠራ ኖሮ አይደመርም ነበር። ያንተው በሦስተኛ አገር ስለተሠራ 4,000 ዶላሩ በሞልዱ ዋጋ ላይ ይገባል።

በቁጥር እንየው። ከ90,000 ዶላሩ የሞልዱ ድርሻ 18,000 ይሁን፤ ጠቅላላ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ 6,000 ይሁን። በዋጋ ሲከፋፈል ለሞልዱ 1,200 ይደርሰዋል፤ ሲአይኤፍ (የዕቃው ዋጋ ከማጓጓዣና ከኢንሹራንስ ጋር) 19,200 ይሆናል። ዲዛይኑ ሲደመር 23,200። ለምሳሌ ያህል 10 በመቶ ቀረጥና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ብንወስድ፣ ቀረጡ 2,320፣ ታክሱ ደግሞ በ25,520 ላይ ተሰልቶ 3,828 ይሆናል። ዲዛይኑ ቢደበቅ 1,920 እና 3,168 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 1,060 ዶላር ነው፤ በኦዲት ሲገኝ የሚመጣው ቅጣት ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

(ሲአይኤፍ ያልኩት አብዛኛው አገር ቀረጥ የሚያሰላው በዚያ ስለሆነ ነው። ስምምነቱ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይካተት ወይም አይካተት የሚለውን ለአገሮቹ ትቶታል፤ አሜሪካ ለምሳሌ በኤፍኦቢ፣ ማለትም ያለ ዓለም አቀፍ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ፣ ነው የምትሄደው።)

በተቃራኒው ደግሞ ያለ ምክንያት ቀረጥ የሚከፈልበት ነገር አለ። 90,000ው ውስጥ የተከላና የሥልጠና ክፍያ ካለ በኢንቮይሱ ላይ ለብቻው እንዲወጣ ጠይቅ። ዕቃው ከገባ በኋላ የሚደረግ ተከላ፣ መገጣጠምና የቴክኒክ ድጋፍ ከዕቃው ዋጋ ተለይቶ ከታየ አይቀረጥም። ተደባልቆ ከተጻፈ ግን ማንም አይለይልህም። የባለሙያ አበል፣ ከወደብ በኋላ ያለ የአገር ውስጥ ጭነትም እንደዚሁ ነው።

በዋስትና በነፃ የሚላክ መለዋወጫ ካለ «የንግድ ዋጋ የለውም» ተብሎ በዜሮ አይጻፍ። ሽያጭ ስለሌለ የግብይት ዋጋ አይኖረውም፤ ጉምሩክ ወደ ቀጣዩ ዘዴ፣ ማለትም ወደ ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ይሄዳል። አቅራቢው የመሸጫ ዝርዝሩን ዋጋ ጽፎ ከጎኑ «በዋስትና የተተካ፣ የማይከፈል» ቢል ሥራው ይቀላል።

ጀማሪ_አስመጪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ጠርቶልኛል። አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ፦ አቅራቢው «ኢንቮይሱን 55,000 አድርጌ ልሥራው፣ ቀሪውን በሌላ ሐዋላ ትልካለህ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» ብሏል። ስለ ኤክስ ወርክስና ዲዲፒውም ቢነገረኝ።

የዋጋ_ትመና

አታድርገው። ሥነ ምግባሩን ለጊዜው እንተወውና በሒሳቡ ብቻ እንኳ አያዋጣም። መርከቡ ላይ ጉዳት ቢደርስ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በ55,000 መሠረት ነው። በሒሳብ መዝገብህ ላይ የማሽኑ የእርጅና ቅናሽም፣ የግብር ወጪህም በዚያው ይሆናል። ላኪው በአገሩ የሞላው የወጪ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ መግለጫ) 90,000 ከሆነ ደግሞ ሁለቱ አገሮች መረጃ ሲለዋወጡ ነገሩ ይወጣል። የሁለተኛው ሐዋላ የባንክ ወረቀት ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ጉምሩክ ዋጋውን ከተጠራጠረ ማብራሪያ የመጠየቅ መብት አለው። መልሱ ካላሳመነው የግብይት ዋጋውን ጥሎ በቅደም ተከተል ወደ ሌሎቹ አምስት ዘዴዎች ይሄዳል። እዚህ ጋ ሐቀኛው አስመጪም ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ዝቅተኛ የዋጋ ሠንጠረዥ አውጥቶ በዚያ ብቻ መተመን በስምምነቱ አንቀጽ 7 የተከለከለ ነው። ክርክሩ ከዘገየም በአንቀጽ 13 መሠረት ዋስትና አስይዞ ዕቃውን ማውጣት ይቻላል። በርካሽ የገዛ ሰው ድርድሩን የሚያሳይ የኢሜይል ልውውጥ፣ ውልና የባንክ ማስተላለፊያ አያይዞ ቢያቀርብ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ወደብ_ሰነድ

ስለ ሽያጭ ቃሉ እኔ ልመልስ። የቀረቡልህ ሁለቱም ለአንተ ጥሩ አይደሉም።

በኤክስ ወርክስ የወጪ ጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ የገዢው ኃላፊነት ነው። በብዙ አገር ላኪ ሆኖ ዲክላራሲዮን መሙላት የሚችለው በዚያ አገር የተመዘገበ ድርጅት ብቻ ስለሆነ ዕቃው በር ላይ ይቆማል፤ ፋብሪካው ጭነት የመጫን ግዴታ እንኳ የለበትም። በዲዲፒ ደግሞ ሻጩ ባንተ አገር አስመጪ ሆኖ መቅረብና ቀረጥና ታክስ መክፈል አለበት። የግብር ከፋይ ቁጥር የሌለው የውጭ ድርጅት ይህን ማድረግ አይችልም፤ በሌላ ሰው ስም ካስገባው ደግሞ ዲክላራሲዮኑ ባንተ ስም ስለማይሆን የከፈልከውን ታክስ ማቀናነስ አትችልም።

ኤፍሲኤ (ሻጩ ዕቃውን በተስማማችሁበት ቦታ ለአጓጓዡ የሚያስረክብበት) በል፤ ቦታውንም በስም አስጽፍ፣ ከጎኑም «ኢንኮተርምስ 2020» (የዓለም አቀፍ የሽያጭ ቃሎች ደንብ እትም) ይሁን። የወጪ ሥነ ሥርዓቱን ሻጩ ይጨርሳል፣ መርከቡንና ኢንሹራንሱን አንተ ትመርጣለህ።

ኮንቴይነር40

ኤፍኦቢ ብሎ መጻፍ ምን ችግር አለው? ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው።

ወደብ_ሰነድ

ልማድ ነው፤ ለኮንቴይነር ግን አይመጥንም። በኤፍኦቢ ኃላፊነቱ የሚተላለፈው ዕቃው መርከቡ ላይ ሲወጣ ነው፤ ኮንቴይነር ግን ከመርከቡ ቀናት ቀድሞ ለተርሚናል ይሰጣል። በዚያ መሐል ጉዳት ቢደርስ ሻጩ እጁ ላይ በሌለ ዕቃ ተጠያቂ ሆኖ ክርክር ይነሣል። ባንኩ በኤልሲ (ሰነድ ሲቀርብ ለሻጩ ለመክፈል ባንክ የሚገባው ግዴታ) ላይ «መርከብ ላይ ተጭኗል» የሚል ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ከጠየቀም የ2020ው እትም በኤፍሲኤ ሥር መፍትሔ አስቀምጧል፦ ገዢው አጓጓዡ ያንን ሰነድ ለሻጩ እንዲሰጥ ሊያዝ ይችላል።

ሻጩ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ የሚከፍልባቸውን ሁለት የሽያጭ ቃሎች፣ ሲአይኤፍ እና ሲአይፒን፣ የምታወዳድር ከሆነ ደግሞ የኢንሹራንስ ሽፋናቸው እኩል አይደለም። ሲአይኤፍ የሚያስገድደው ዝቅተኛውን የሲ ሽፋን ነው፤ ሲአይፒ ሰፊውን የኤ ሽፋን ይጠይቃል። ለሁለቱም ዝቅተኛው መጠን የውሉ ዋጋ 110 በመቶ ነው። ለማሽን የሲ ሽፋን ስስ ነው፤ ስርቆትን አይሸፍንም።

ክብደቱንም ተጠንቀቁ። ከጁላይ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደት፣ ቪጂኤም የሚባለው፣ ያልቀረበለት ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። ወይ የታሸገውን ኮንቴይነር ሙሉውን መመዘን፣ ወይ ዕቃውን፣ ማሸጊያውንና ማሰሪያውን መዝኖ የባዶ ኮንቴይነሩን ክብደት (በሩ ላይ ተጽፏል) መደመር ነው። በዚህ ምክንያት ቪጂኤሙ ከፓኪንግ ሊስቱ (የእሽግ ዝርዝሩ) ጥቅል ክብደት በጥቂት ሺህ ኪሎ ይበልጣል፤ ያ ስሕተት አይደለም። መመሳሰል ያለባቸው የፓኪንግ ሊስቱ፣ የቢል ኦፍ ሎዲንጉና የዲክላራሲዮኑ ጥቅል ክብደት ናቸው።

የተቀባዩ ስምና የግብር ከፋይ ቁጥር በረቂቁ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ላይ ፊደል በፊደል ይታይ። ማኒፌስቱ (የመርከቡ የጭነት ዝርዝር) ለጉምሩክ ከገባ በኋላ ማስተካከል ማመልከቻም ክፍያም ይጠይቃል።

ጫካ_ምርመራ

ማንም እስካሁን ያላነሣውን ላንሣ፦ እንጨቱ። ማሽን በእንጨት መሠረት ላይ ነው የሚታሰረው፤ ሣጥኖቹም እንጨት ናቸው። አይኤስፒኤም 15 በሚባለው ደንብ ጥሬ እንጨት እስከ መሐሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ መሞቅ፣ ወይም በተፈቀደ ሌላ ዘዴ መታከም አለበት፤ የስንዴ ዛላ ምልክቱ፣ የአገሩ ኮድ፣ የአምራቹ ቁጥርና የሕክምናው ዓይነት (ኤችቲ ለሙቀት) ይታተምበታል። ኮምፔንሳቶና ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ እንጨት ነፃ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ሣጥኑ ማኅተም አለው፤ የሚያስይዘው ማሽኑ እንዳይንሸራተት ኮንቴይነሩ ውስጥ የተመታው ሽብልቅና ጉማጅ ነው። ጫኞቹ ከግቢ ያገኙትን ጣውላ ይቆርጡና ያስገባሉ። ያም ማኅተም ያስፈልገዋል። ካልተገኘ ዕቃው በሙሉ በጭስ እንዲታከም፣ እንጨቱ እንዲቃጠል ወይም እንዲመለስ ይታዘዛል። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ማኅተሙ የሚታይበት ፎቶ ይላክልህ።

ቺለሩንም ጠይቅ፦ ጋዙ ምንድን ነው፣ ስንት ኪሎ ነው? በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ምክንያት አር-22 ያለበትን መሣሪያ ብዙ አገሮች አያስገቡም፤ አዳዲሶቹን ጋዞችም በፈቃድ የሚቆጣጠሩ እየበዙ ነው። ፈቃዱ የሚወጣው ከጉምሩክ ሳይሆን ከአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ካልተያዘ ቀሪው ኮንቴይነር ሁሉ ለአንድ ቺለር ሲል ይቆማል።

ስሪት_አገር

ስለ ስሪት አገር ማስረጃም ባጭሩ። ዕቃው የተጫነበት አገርና የተሠራበት አገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከነፃ ቀጠና ነጋዴ የገዛ ሰው የነጋዴውን አገር ይጽፋል፤ ማሽኑ ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ሌላ ይላል። ፈታሹ መጀመሪያ የሚያየው ሰሌዳውን ነው።

የቀረጥ ቅናሽ የሚሰጥ ስምምነት ካለ ለእያንዳንዱ ኮድ የራሱን ደንብ ማየት ያስፈልጋል፦ የታሪፍ ቁጥር ለውጥ፣ የእሴት ጭማሪ መጠን ወይም የተወሰነ የአመራረት ሒደት ሊሆን ይችላል። እሽግ መቀየርና መለያ መለጠፍ ስሪት አይሰጥም። ሞልዱና ኩሽኔታው ከሌላ አገር መጥተው ከሆነ በማሽኑ የስሪት ማስረጃ ሥር አይገቡም፤ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ደግሞ በሌላ ወደብ የሚተላለፍ ከሆነ ዕቃው በዚያ ከጉምሩክ ቁጥጥር እንዳልወጣ የሚያሳይ ሰነድ፣ ለምሳሌ እስከ መድረሻው አንድ ወጥ የሆነ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ያስፈልጋል። ያለ እሱ ቅናሹ ይቀራል።

ጀማሪ_አስመጪ

ሁለት ጥያቄ ብቻ። ቀይ መስመር ከወጣ ምን ልጠብቅ? ሞልዱ ብልሽት ኖሮበት ወደ ፋብሪካው ቢመለስስ፣ ተጠግኖ ሲመጣ እንደገና ሙሉ ቀረጥ ይከፈላል?

ታሪፍ_ቤት

ቀይ ማለት ሰነዱም ዕቃውም ይታያል ማለት ነው፤ ቢጫው ሰነድ ብቻ፣ አረንጓዴው ቀጥታ መልቀቅ። አረንጓዴ ስለወጣ አልቋል ማለት ግን አይደለም፤ ድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ውሉ፣ ኢንቮይሱ፣ የባንክ ወረቀቱና ኢሜይሎቹ የአገርህ ሕግ ለሚያዘው ጊዜ በሙሉ ይቀመጡ። ለቀይ መስመር የሚያፋጥንህ ሣጥን በሣጥን የተዘጋጀ ፓኪንግ ሊስት ነው፦ ሣጥን 4 ውስጥ ምን አለ፣ ስንት ነው፣ ክብደቱ ስንት ነው።

ሞልዱን በተመለከተ፣ ለጥገና በጊዜያዊነት ወደ ውጭ የመላክ ሥርዓት አለ። በሥርዓቱ ከወጣ፣ ሲመለስ ቀረጡ በአብዛኛው የሚሰላው በጥገናው ዋጋና በማጓጓዣው ላይ ነው፤ በዋስትና በነፃ ከተጠገነ ጭራሽ ነፃ የሚያደርጉም አሉ። ሁኔታው አንድ ነው፦ የወጣውና የተመለሰው ያው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በወጪ ዲክላራሲዮኑ ላይ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ካልተመዘገበ ሲመለስ አዲስ ዕቃ ነው። በኤቲኤ ካርኔት (ዕቃን ያለ ቀረጥ በጊዜያዊነት የሚያስገባ ሰነድ) ልላከው የሚል ይኖራል፤ ካርኔት ለኤግዚቢሽን፣ ለናሙናና ለሙያ መሣሪያ ነው፣ ለጥገና አይሆንም። ፋብሪካው በምትኩ አዲስ ሞልድ ከላከ ደግሞ ያ ጥገና ሳይሆን ሌላ ገቢ ዕቃ ስለሆነ አስቀድሞ ይነገራል።

ጀማሪ_አስመጪ

አቅራቢው የሚከተለውን ረቂቅ ልኳል። እባካችሁ እዩልኝ።

1ኛ፦ ኢንጀክሽን ማሽን፣ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ 1
2ኛ፦ የብረት ሞልድ ለፕላስቲክ ኢንጀክሽን፣ 1
3ኛ፦ ማድረቂያ፣ 1
4ኛ፦ ቺለር፣ 1
5ኛ፦ ሞተር 2፣ ኩሽኔታ 12፣ ቱቦ 8፣ ብሎን 1 ሣጥን
6ኛ፦ ስክሩና ባሬል፣ 1
7ኛ፦ የሞልድ ዲዛይን፣ 4,000 ዶላር

የዋጋ_ትመና

7ኛው ይውጣ። አቅራቢው ያልሸጠውን ዲዛይን በኢንቮይሱ ላይ ቢጽፍ ጠቅላላ ድምሩ ከባንኩ ክፍያ ጋር አይገጥምም። አንተ በዋጋ መግለጫ ቅጹ ላይ እንደ ተጨማሪ አስመዝግበህ የዲዛይን ውሉንና ሐዋላውን ታያይዛለህ።

ታሪፍ_ቤት

5ኛው በአራት መስመር ይከፈል፤ ለእያንዳንዱ የነጠላ ዋጋ ይኑረው። ሞተሩ በኪሎ ዋትና በኤሲ ወይም ዲሲ፣ ኩሽኔታው በዓይነቱና በቁጥሩ፣ ቱቦው በተሠራበት ነገርና መገጣጠሚያ ያለው ወይም የሌለው ተብሎ፣ ብሎኑ በሣጥን ሳይሆን በኪሎ። 2ኛው ላይ በሞልዱ የተቀረጸው ቁጥር ይግባ። 4ኛው ላይ የጋዙ ዓይነትና ክብደት ይጨመር። ከዚያ ይፈርምና ይጫን።